ሁለቱ ክረምቶች፦ የጦርነት ዘመን የአውሮፕላን አደጋዎች በፊዚክስ ዓይን ሲታዩ

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ወደ አማርኛ ሲመለስ አንድ ቃል ተርጓሚውንም አንባቢውንም ያስቸግራል። የፈረንጆቹ የብርድ ወራት «ክረምት» ተብሎ ይጻፋል። በስታሊንግራድ ዙሪያ ሞተራቸው በብርድ ደርቆ ስለቀሩት የጀርመን ማጓጓዣ አውሮፕላኖች የሚያነበው የፋርጣ ወይም የደራ ተማሪ ግን ክረምት ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣለት ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃና ጎርፍ፣ ነጎድጓድና ጉም ነው። የመጀመሪያው ክረምት ነጭና ደረቅ ሆኖ ከዜሮ በታች ሠላሳና አርባ ዲግሪ ይወርዳል፤ ሁለተኛው እርጥብና ጨለማ ሆኖ በደብረ ታቦር ቀትር ላይ እንኳ ጋቢ ያስደርባል እንጂ ወንዝ አያረጋም።

ታዲያ አውሮፕላን የሚፈራው የትኛውን ነው? ተማሪዎቻችን ይህን ጥያቄ በተለያየ መልክ ሲያነሱ ሰምተናል። መልሱን ለማግኘት ሁለቱን ክረምቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል፤ በተለይም በአገራችን አንድ ዓመት ውስጥ፣ በ1981 ዓ.ም. መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የደረሱ ሁለት አደጋዎች ነገሩን ከመጻሕፍት ስሌት አውጥተው ወደ ሰው ሕይወት ያቀርቡታል።

የፈረንጆቹ ክረምት

ከኖቬምበር 1942 እስከ ፌብሩዋሪ 1943 እ.ኤ.አ. የጀርመን አየር ኃይል በስታሊንግራድ የተከበበውን ስድስተኛ ጦር በአየር ለመቀለብ ሞከረ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ 490 የሚጠጉ አውሮፕላኖች ጠፉበት። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላኖችና በመድፍ የወደቁ ናቸው፤ የቀሩት ግን የጭጋግ፣ የበረዶና የብርድ ሰለባዎች ነበሩ። የሞተር ዘይት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ እንደ ረጋ ማር ይወፍራል። መካኒኮች ሞተሩን ለማስነሳት ከሥሩ እሳት እስከ ማንደድ የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁንና ብርድ በራሱ ለክንፍ ጠላት አይደለም። እንዲያውም ወዳጅ ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሳበት ኃይል በአየሩ እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ባለው የአየር መጠነ ቁስ ይወሰናል። በባሕር ጠለል ላይ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሆነ አየር በሜትር ኩብ 1.45 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ላይ በምትገኘው ደብረ ታቦር፣ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን ደግሞ 0.87 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ አንድ ክንፍ በደብረ ታቦር ሰማይ ላይ አንድ ቶን ቢሸከም በፊንላንድ ብርድ ውስጥ አንድ ቶን ከ680 ኪሎ ይሸከማል። ተማሪዎች ይህን በሃሳባዊ ጋዝ ሕግ ራሳቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

ጠላቱ ውሃ ነው። ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ በረዶ ይሆናል ብለን በታችኛው ክፍል ተምረናል፤ በደመና ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የደመና ጠብታ ስፋቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምሳኛ ያህል ነው። ይህች ጠብታ በረዶ ለመሆን የምትጀምርበት ጠጣር ቅንጣት ካላገኘች ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ፣ አንዳንዴም 20 ዲግሪና ከዚያ በታች ደርሳ ውሃ እንደሆነች ትቆያለች። ክንፍ ሲነካት ግን ወዲያው ትረጋለች። ሚሊዮን ጠብታዎች በዚህ ዓይነት በክንፉ ግንባር ላይ ሲጋገሩ መሐንዲሱ በጥንቃቄ የቀረጸው ቅርጽ ይበላሻል። የሚገርመው ክብደቱ አይደለም፤ አናጢዎች እንጨት እንደሚያለሰልሱበት ሻካራ ወረቀት የሆነ ስስ የበረዶ ሽፋን ብቻ የክንፍን የማንሳት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ ጎታች ኃይሉን ደግሞ እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል።

ዲሴምበር 12 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ከሲና በረሃ ተልእኳቸው ወደ አገራቸው ይመለሱ የነበሩ 248 አሜሪካውያን ወታደሮችንና 8 የበረራ ሠራተኞችን የያዘ ዲሲ-8 አውሮፕላን ከካናዳው ጋንደር ተነሥቶ ብዙም ሳይርቅ ወደቀ፤ አንድም ሰው አልተረፈም። የካናዳ መርማሪ ቦርድ ለሁለት ተከፍሎ ብዙኃኑ አባላት በክንፉ ላይ የነበረ በረዶ ለአደጋው ዋነኛ ተጠርጣሪ መሆኑን ጻፉ፤ ቀሪዎቹ በዚህ አልተስማሙም። እኛም ለትምህርት በቆየንበት የሰሜን አገር፣ ተሳፋሪው «ለምን አንነሣም?» እያለ ሲያጉረመርም ክንፉ በሞቀ ፈሳሽ እስኪታጠብ ድረስ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠን ጠብቀናል። ጋንደርን የሚያውቅ ሰው በዚያ መዘግየት አያጉረመርምም።

አንዳንዴ ነጩ ክረምት ከእኛ ይልቅ ይምራል። ጁላይ 15 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ ጦር ግንባር ይጓዙ የነበሩ ስድስት ፒ-38 ተዋጊዎችና ሁለት ቢ-17 ቦምብ ጣዮች በአስቸጋሪ የአየር ጠባይ ነዳጃቸው አልቆ በግሪንላንድ የበረዶ ግግር ላይ አረፉ። ሰዎቹ ሁሉ ተርፈው ተመለሱ፤ አውሮፕላኖቹ ግን እዚያው ቀሩ። ከ50 ዓመት በኋላ በ1992 እ.ኤ.አ. አንዱ ፒ-38 ሲወጣ 82 ሜትር ከበረዶ ሥር ነበር። በአማካይ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ በረዶ ተጭኖበታል ማለት ነው። በእኛ አገር የወደቀ አውሮፕላን የሚጠብቀው ከዚህ የተለየ ዕጣ መሆኑን ኋላ እንመለከታለን።

ሁለቱን ክረምቶች ያየ አብራሪ

ከ1942 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ከሕንድ ወደ ቻይና በሂማሊያ ላይ ባደረጉት የማጓጓዝ በረራ ወደ 600 የሚጠጉ አውሮፕላኖችን አጥተዋል። እዚያ ሁለቱ ክረምቶች ይገናኛሉ፤ ከታች የሞንሱን ዝናብና ነጎድጓድ፣ ከላይ በረዶ፣ በመካከል ተራራ። የሞንሱን ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር የሥጋ ዘመድ እንደሆነ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ያውቃሉ።

ሁለቱን ክረምቶች በየቤታቸው ያየ ሰው ግን ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞችን ከሰሜን ግንባር ሲያመላልስ ቆየ። ያበርራት የነበረችው ፎከር በኮረም በጣሊያን ቦምብ ወደመች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1940 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ይኸው ሰው በፊንላንድ የክረምት ጦርነት ለመንገደኞች የተሠራ ዲሲ-2 አውሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይነት ለውጦ ለፊንላንድ ተዋጋ። በዚያ ዓመት የፊንላንድ ብርድ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ወርዶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በቢሾፍቱ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል በማቋቋምና አብራሪዎችን በማሠልጠን ብዙ ዓመታት አሳለፈ፤ በ1960ዎቹ የረሃብ ዘመንም መኪና ሊደርስ ወደማይችልበት ገደላማ አገር እህል ከአየር ይጥል ነበር። የሞተው ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በጎዴ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ነው። የፊንላንድም በረዶ፣ የኢትዮጵያም ጉም አላሸነፉትም ማለት እንችላለን።

ቮን ሮዘን በእኛ ሰማይ ላይ ያበረራቸው ዓይነት ባለ ፒስተን ሞተሮች በሞቃት አገር እንኳ በረዶ ይይዛቸዋል ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። ነገሩ እውነት ነው። ቤንዚን እጃችን ላይ ፈስሶ ሲተን ቀዝቃዛ ስሜት ይሰጠናል፤ ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ከአካባቢው ሙቀት ስለሚወስድ ነው። በካርቡራተር ውስጥም ቤንዚን ሲተንና አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ሙቀቱ በ20 ዲግሪና ከዚያ በላይ በቅጽበት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ውጭው 15 ወይም 20 ዲግሪ ቢሆንም አየሩ እርጥብ ከሆነ በሞተሩ ጉሮሮ ውስጥ በረዶ ይጋገርና አየር ይዘጋል። ለዚህ ክፉ ነገር የሚመች አየር ይፈለግ ቢባል ከሐምሌ የጎንደር ደጋ አየር የተሻለ አይገኝም።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ባለ ፒስተን ሞተሩ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር፤ ሰው ሁሉ ከቤት በማይወጣበት በክረምቱ እምብርት! ከዚያ ወዲህ ግን ጦር የመራ ሁሉ ክረምቱን አክብሯል። ጣሊያን መረብን የተሻገረው ዝናቡ ባለፈ ማግስት፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን ዋናው ዝናብ ሳይጥል፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ አዲስ አበባ ገባ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ታቦር የጣሊያን ጦር በሰኔ መጨረሻ እጁን ሲሰጥ የጎንደር ዋናው ውጊያ ክረምቱን ሙሉ ተገትቶ ቁልቋል በርና ጎንደር የተያዙት በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። የእርዳታ በረራ ግን ይህን ምርጫ አያገኝም፤ ረሃብተኛ መስከረም እስኪጠባ አይጠብቅም።

ከሐሙሲት እስከ ጉና

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። በባሕር ዳርና በወረታ መካከል ከምትገኘው ሐሙሲት ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው መሬቱ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ይሄዳል። የጣና ሐይቅ ገጽ 1,788 ሜትር፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ፣ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። በሐምሌ ወር በሐይቁ ዳር ያለው አየር 20 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ ደግሞ 14 ዲግሪ ነው እንበል። የጤዛ ነጥብ ማለት አየሩ የያዘው ተን ወደ ውሃነት መለወጥ የሚጀምርበት የሙቀት መጠን ነው።

ይህ አየር በነፋስ ተገፍቶ ዳገቱን ሲወጣ ግፊት ስለሚቀንስለት ይስፋፋል፤ ሲስፋፋም በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የጤዛ ነጥቡም በየ1,000 ሜትሩ በ2 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሁለቱ በየ125 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ይቀራረባሉ ማለት ነው። የ6 ዲግሪው ልዩነት እንዲጠፋ አየሩ 750 ሜትር መውጣት አለበት። 1,788 ላይ 750 ስንደምር 2,538 ሜትር እናገኛለን፤ ደመናው የሚጀምረው እዚህ ነው። ደብረ ታቦር ከዚህ በላይ ናት። የደብረ ታቦር ሰው «ጉም ወረደ» ይላል እንጂ በፊዚክስ ዓይን ጉሙ አልወረደም፤ ከተማዪቱ ናት ደመናው ውስጥ የተቀመጠችው።

ስሌቱን እንቀጥል። ተን ውሃ ሲሆን የያዘውን ሙቀት ስለሚለቅ ከደመናው ወለል በላይ አየሩ የሚቀዘቅዘው በዝግታ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ 5 ዲግሪ ተኩል እንውሰድ። በ2,538 ሜትር 12.5 ዲግሪ የነበረው አየር ዜሮ የሚደርሰው 4,800 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዚያ በላይ በረዶ የሚጋግረው ደመና ይጀምራል።

እንግዲህ በዚህ ቀን በጉና ላይ የሚያልፍ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ይታየን። ተራራው ስለማይታይ ከጫፉ ቢያንስ 600 ሜትር ከፍ ብሎ መብረር ይገባዋል፤ በተራራማ አገር የሚመከረው ልክ ይህን ያህል ነው። 4,100 እና 600 ሲደመር 4,700 ሜትር ነው። ከሥር ተራራ፣ ከላይ ከ4,800 ጀምሮ በረዶ! ለአብራሪው የተረፈው ጥርጊያ 100 ሜትር ውፍረት አለው። ነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ ያለ ወደ ላይና ወደ ታች የሚነፍስ ነፋስ ደግሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ከፍታ ያስጨምራል ወይም ያስቀንሳል።

ሦስተኛ ግድግዳም አለ። በ4,700 ሜትር የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 55 በመቶ ያህል ነው። ዘመናዊ የመንገደኛ ጀት ክፍሉን ዘግቶ አየር ያጭቅበታል፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ማጓጓዣዎች ግን ይህ መሣሪያ የላቸውም። አብራሪው ከ3,000 ሜትር በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ተጨማሪ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ካላገኘ በመጀመሪያ የሚከዳው ማስተዋሉ ነው። የከዳው መሆኑን ራሱ አያውቅም። እንግዲህ አብራሪው ከፍ ቢል ትንፋሽና በረዶ፣ ዝቅ ቢል ድንጋይ ይጠብቁታል። ብዙዎቹ የመረጡት ዝቅ ብሎ በሸለቆ መካከል፣ መሬት እያዩ መሄድን ነው። ደመናው ሸለቆውን ሲዘጋው ምን እንደሚሆን ለመናገር ስሌት አያስፈልግም።

1981 ዓ.ም.

በዚያ ዓመት አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። የመጀመሪያው አደጋ የደረሰው ከሐሙሲት ብዙም በማይርቀው የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ መስከረም 5 ቀን ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አሥመራ ይጓዝ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737፣ ከተሠራ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ሲነሣ የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲዞሩ ሁለቱም ሞተሮች ኃይል አጡ፤ አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈና በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

ለአደጋው ምክንያት እርግቦቹ ናቸው፤ ክረምቱን አንወቅስም። ቀጭኑ የደጋ አየር ግን ድርሻው ምን ሊሆን እንደሚችል ማስላት ለተማሪ ጥሩ ልምምድ ነው። በባሕር ዳር ከፍታ በ20 ዲግሪ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠለሉ መደበኛ እፍግታ 79 በመቶ ያህል ነው። ያንኑ ክብደት ለማንሳት አውሮፕላኑ በመሬት ላይ 13 በመቶ ገደማ በበለጠ ፍጥነት መንደርደር አለበት። ኪነቲክ ኃይል በፍጥነት ስኩዌር ስለሚጨምር አንዲት እርግብ በዚያ ፍጥነት ስትመታ በባሕር ጠለል ላይ ከምትመታው 27 በመቶ በበለጠ ኃይል ትመታለች። በዚያው ላይ ሞተሩም የሚተነፍሰው የቀጠነ አየር ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ሁለተኛው አደጋ ለርእሳችን ይበልጥ ይቀርባል። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ንብረት የሆነች ትዊን ኦተር አውሮፕላን 16 ሰዎችን ይዛ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ ተነሣች። በፉኝዶ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ሠፍረው ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ በአሜሪካ ምክር ቤት የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ ሊቀመንበር የነበሩት የቴክሳሱ እንደራሴ ሚኪ ሌላንድ ናቸው፤ ዕድሜያቸው 44 ነበር። ከእሳቸው ጋር ሌሎች አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ነበሩ። አውሮፕላኗ ፉኝዶ አልደረሰችም። የአሜሪካ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ጭምር የተሳተፉበት ፍለጋ ስድስት ቀን ፈጅቶ ነሐሴ 7 ቀን ስብርባሪዋ በምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ ገደላማ ተራራ ገጽ ላይ ተገኘ። የተረፈ ሰው አልነበረም።

ጋዜጦች ይህን ዓይነቱን አደጋ «በአየር ጠባይ መበላሸት ምክንያት» በምትል አንዲት ሐረግ ይዘጉታል። እኛ ይህችን ሐረግ አንወድዳትም። ደመና አውሮፕላንን አያፈርስም፤ ተራራን ይሸፍናል እንጂ። ጥያቄው አብራሪው የተሸፈነውን ተራራ በምን ሊያውቅ ይችል ነበር የሚለው ነው። መንገዱን እንየው፦ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የጋምቤላ ቆላ 500 ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ በአገራችን ብዙ ዝናብ የሚያገኙት የምዕራብ ደጋዎች አሉ። ትዊን ኦተር አየር የሚታጨቅበት ክፍል የላትም። መውረድ የሚጀመረው ተራሮቹ መታለፋቸው በእርግጥ ሲታወቅ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ቀድሞ የሚወርድ ወይም ከመሥመሩ በጥቂት ኪሎ ሜትር የወጣ አብራሪ ግን ደመናው ውስጥ ሆኖ ይህን የሚነግረው አይኖርም። በ1981 ዓ.ም. የጂፒኤስ ሳተላይቶች ገና ተሟልተው አልመጠቁም ነበር፤ ሙሉ አገልግሎት ላይ መዋላቸው የተገለጸው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው።

መሬትን የሚያይ መሣሪያ

አብራሪ ከፍታውን የሚያነብበት አልቲሜትር በእውነቱ ከፍታ አይለካም፤ የሚለካው የአየር ግፊት ነው። ግፊቱን ወደ ሜትር የሚለውጠው አየሩ «መደበኛ» ነው ብሎ በመገመት ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ክረምቶች ቦታ ይለዋወጣሉ። በብርድ አገር አየሩ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ ከመደበኛው በ30 ዲግሪ የቀዘቀዘ ከሆነ አልቲሜትሩ ከጣቢያው በላይ 3,000 ሜትር ሲል እውነተኛው ከፍታ 2,650 ሜትር ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። አብራሪው 350 ሜትር ተዘርፏል። በእኛ ደጋ ግን መደበኛው ሠንጠረዥ ለ2,700 ሜትር የሚሰጠው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ተኩል ሲሆን እውነተኛው አየር በጣም ይሞቃል፤ ስለዚህ አልቲሜትራችን በአብዛኛው ወደ ደኅናው ወገን ይሳሳታል። ብርድ ክንፍን ይረዳል፣ አልቲሜትርን ያሳስታል፤ የእኛ ሙቀት ደግሞ አልቲሜትርን ይራራል፣ ክንፍን ይበድላል።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በትልልቅ ጀቶች ላይ መሬት ሲቀርብ የሚጮህ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ መገጠም ጀመረ። መሣሪያው በሬዲዮ ሞገድ ርቀት የሚለካው ግን በቀጥታ ወደ ታች ብቻ ነበር። በሴኮንድ 70 ሜትር የሚጓዝ አውሮፕላን በ30 ዲግሪ ወደሚወጣ ዳገት ቢያመራ መሬቱ በሴኮንድ 40 ሜትር ወደ እርሱ ይወጣል። ከሥሩ 300 ሜትር ሲቀረው መሣሪያው ቢጮህ አብራሪው ያለው 7 ሴኮንድ ተኩል ነው። ዳገቱ እንደ እኛ አምባዎች ቀጥ ያለ ገደል ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያለው ሜዳ እስከ መጨረሻው ጸጥ ያሰኘዋል።

ይህን ጉድለት የሞላው ካናዳዊው መሐንዲስ ዶን ቤትማን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በሳተላይት ካወቀና የዓለም ተራሮች ሁሉ ከፍታ በኮምፒውተሩ ውስጥ ከተጫነ ወደ ፊት ማየት ይችላል። የቸገረው የከፍታው መረጃ ነበር፤ ብዙ አገሮች በወታደራዊ ምስጢርነት ይይዙታልና። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ሠራዊቷ ለጦርነት ያዘጋጃቸው ዝርዝር ካርታዎች ለገበያ ቀረቡ፤ ቤትማንና ባልደረቦቹም ገዝተው ለመሣሪያቸው ተጠቀሙባቸው። ለታንክና ለሚሳይል የተሳለ ካርታ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የመንገደኛ ሕይወት አዳኝ ሆነ። ይህ መሣሪያ ከተስፋፋ በኋላ ደኅና አውሮፕላን ከተራራ ጋር የሚጋጭበት አደጋ በትልልቅ ጀቶች ዘንድ በጣም ብርቅ ሆኗል።

የስድስት ቀኑ ፍለጋም በዛሬ ዓይን ሲታይ ረጅም ነው። በዚያን ዘመን በስፋት የነበረው የአደጋ ምልክት አስተላላፊ በ121.5 ሜጋ ኸርዝ ይሠራ ነበር፤ ሳተላይት ቢሰማውም የቦታው ግምት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሊስት ይችላል። ደን በለበሰ ገደላማ አገር 20 ኪሎ ሜትር ማለት ምን እንደሆነ ጥጃ የጠፋበት ገበሬ ያውቀዋል። ሳተላይቶቹ ይህን ሞገድ መከታተል ያቆሙት በ2009 እ.ኤ.አ. ሲሆን የተተካው በ406 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው ነው፤ ጂፒኤስ ከተገጠመለት ስሕተቱ ወደ መቶ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በግሪንላንድ አውሮፕላኑን በረዶ ይቀብረዋል፤ እኛ ዘንድ ግን በአንድ ክረምት ቁጥቋጦ ይወጣበታል፣ ጎርፍም ይበታትነዋል።

ለአንባቢያን አንድ የቤት ሥራ ትተን እንለያይ። ከሐሙሲት እስከ ጉና የሠራነውን ስሌት ለአንድ የጥቅምት ቀን ድገሙት፤ በሐይቁ ዳር ያለው አየር 22 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ 10 ዲግሪ ይሁን። የደመናው ወለል ከደብረ ታቦር በላይ ስንት ሜትር ይሆናል? ዜሮ ዲግሪ የሚገኝበት ከፍታ በሐምሌ ካገኘነው ዝቅ ማለቱን ታያላችሁ። ታዲያ በረዶው ወደ ተራራው ቀርቦ ሳለ አብራሪዎች ጥቅምትን ከሐምሌ የሚመርጡት ለምን ይመስላችኋል?